ካነን አር50 ወይስ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10? ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዋ የአክስቷን ልጅ አሮጌ ካነን 600ዲ እየተዋሰች በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ስታነሳ ቆይታለች። አሁን የራሷን ካሜራ ልትይዝ ነው። ውጭ አገር የሚኖር አጎቷ ለገና ሲመጣ ይዞላት እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። በእጇ ያለው ዕቃ አንድ ዮንግኑዎ 560 ፍላሽና አንድ የካነን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። «ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ዋና ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ቢሆንም ቪዲዮ የሚጠይቁኝ ደንበኞች እየበዙ ነው። ካነን አር50 ይሁን ወይስ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10?» ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ወደ ኋላ ላምጣው። ለአንቺ የሚሻለው አር50 ነው። ነገር ግን ካሜራው ብቻውን ከመጣ ፍላሽሽም ሌንስሽም አብረውት አይሠሩም፤ ለእያንዳንዳቸው ማገናኛ አብሮ መምጣት አለበት። ይህን ሳያውቁ ገዝተው በሰርጉ ዋዜማ የሚደውሉልኝ ሰዎች ስላሉ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ሜጋፒክስሉን በአጭሩ እንዝጋው። ሁለቱም ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው መጠን የተሠራ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አላቸው። የሶኒው በጥቂቱ ሰፋ ይላል፤ ፎቶው ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው። በኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ቢታተም 50 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከሰርግ አልበም ገጽ የሚያንስ አይደለም። በቴሌግራም ለምትልኪውማ ከበቂ በላይ ነው። አልበሙን የሚያገላብጡት የሙሽራዋ እናት የትኛው ገጽ በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ ሊለዩ አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ያለብሽ በሌላ ነገር ነው፦ በምን ታያለሽ፣ በምን ታበሪያለሽ፣ ከፊቱስ የትኛውን ሌንስ ትሰኪያለሽ።

ማየቱን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አር50 ዓይንሽን የምታስጠጊበት ኤሌክትሮኒክ መመልከቻ አለው። በ2021 የወጣው ዜድቪ-ኢ10 ግን በዋናነት ራሳቸውን እየቀረጹ ለሚናገሩ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ መመልከቻ የለውም፤ ያለሽ ከኋላው ያለው ስክሪን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም። የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ ደብሩ ሲመለስ ግን ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ዙሪያሽን የቆመው ሕዝብ ነጭ በነጭ ለብሷል። ያ ሁሉ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ የሚታይሽ የራስሽ ጥላና የነጠላሽ ነጸብራቅ ነው። የስክሪኑን ብሩህነት እስከ መጨረሻው ብታሳድጊው በመጠኑ ይረዳል፤ ባትሪውን ግን ይጨርሰዋል። በመጨረሻ በግምት ትተኩሺያለሽ፤ ቤት ገብተሽ ስታዪው የካህኑ ፊት ደብዝዞ ከኋላቸው ያለው ጃንጥላ ጠርቶ ታገኚዋለሽ።

መመልከቻው ሌላም ጥቅም አለው። ካሜራውን ግንባርሽና ጉንጭሽ ላይ ስታስደግፊው እጅሽ ይረጋል። ሁለቱም ካሜራዎች በአካላቸው ውስጥ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሥርዓት የላቸውም፤ የሚያረጋጋው ሌንሱ ነው፣ ያውም ያ ችሎታ ያለው ሌንስ ከሆነ። የአንቺ 50 ሚሊሜትር የለውም። እጅሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ በስክሪን እያየሽ በእሱ ብታነሺ፣ ሲመሽ የምታነሺያቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ የተንቀጠቀጡ ይሆናሉ። ጥር 23 እንጅባራ ሄደሽ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አንስተሽ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያሻሽም። የሚጋልብ ፈረስ በመመልከቻ እያዩ መከተልና በተዘረጋ እጅ ስክሪን እያዩ መከተል ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ነው። ትኩረት በመያዝ ረገድ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ የሰውን ዓይን ለይተው ይከተላሉ፣ ከ600ዲ ለመጣ ሰው ተአምር ይመስላል። ካሜራው ግን ሊከተል የሚችለው አንቺ በፍሬሙ ውስጥ ማቆየት የቻልሽውን ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ። ይህን በደንብ አንብቢው፤ በመግዣው ሱቅ ማንም አይነግርሽም።

600ዲውን አንሺና ከላዩ ያለውን የፍላሽ መሰኪያ ተመልከቺ። በሁለቱ የብረት ሐዲዶች መካከል አንድ ከፍ ያለ ክብ ነጥብ፣ በአጠገቡም አነስ አነስ ያሉ ሌሎች ነጥቦች ታያለሽ። የአንቺ ዮንግኑዎ 560 የሚያውቀው ያን መካከለኛውን ክብ ነጥብ ብቻ ነው፤ «አሁን ብልጭ በል» የሚለው ትእዛዝ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። አር50ን ስትገለብጪው ያ ነጥብ የለም። በምትኩ ከመሰኪያው የፊት ጠርዝ ሥር የተደረደሩ፣ ጠጋ ብለሽ ካላየሻቸው የማይታዩ ቀጫጭን መገናኛዎች አሉ። ካነን ይህን አዲስ መሰኪያ የሠራው ለአዳዲሶቹ ፍላሾችና ማይክሮፎኖች ነው። ፍላሽሽ በትክክል ይገባል፣ ቀለበቱም ይጠብቃል፣ የፍላሹም መብራት ቀይ ሆኖ ዝግጁ መሆኑን ይነግርሻል። ስትተኩሺ ግን አይበራም። ሰዎች ፍላሹ ተቃጠለ ብለው ወደ ጠጋኝ የሚወስዱት በዚህ ጊዜ ነው።

መፍትሔው ኤዲ-ኢ1 የሚባል የካነን አዳፕተር ነው። በካሜራውና በፍላሹ መካከል ይገባና የድሮዎቹን ነጥቦች ይመልስልሻል። ፍላሹ በትንሹ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳት የለውም። አዳፕተሩ እስኪገኝ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፦ አር50 የራሱ ብቅ የሚል ትንሽ ፍላሽ አለው፤ ዮንግኑዎሽ ደግሞ ኤስ2 የሚባል ሁነታ አለው። ፍላሹን እዚያ ሁነታ ላይ አድርገሽ በመቆሚያ ላይ ብታስቀምጪው የካሜራውን ብልጭታ አይቶ አብሮ ይበራል። ዳስ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ፀሐይ ላይ ግን የትንሹን ፍላሽ ብልጭታ ስለማያየው አትመኪበት። ሌላው ፎቶ አንሺም በዚያው ዳስ ፍላሽ ከተጠቀመ ያንቺው የእሱን ትእዛዝም ይቀበላል!

ሶኒው በዚህ በኩል ቀላል ነው። የመሰኪያው መካከለኛ ነጥብ አለ፤ ዮንግኑዎሽ ያለ ምንም አዳፕተር ይበራል። ብቅ የሚል ፍላሽ ግን የለውም። ከፍላሽ ጋር መድረስ የምትችይው የመዝጊያ ፍጥነትም የሶኒው 1/160 ሰከንድ ሲሆን የካነኑ 1/250 ነው። ይህ ልዩነት ማታ አይሰማሽም። ቀን ላይ ከዛፍ ሥር ያስቀመጥሻቸውን ሙሽሮች ፊት በፍላሽ ልታፈኪ ስትፈልጊ ግን የኋላውን ሰማይ በመጠኑ ይበልጥ ለማጥቆር ይረዳሻል።

ወዲያውም ስለ ሶኒው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አጎትሽ ሱቅ ሲገባ «አዲሱ ይሻላል» ብለው ዜድቪ-ኢ10 ሁለተኛውን ሊሰጡት ይችላሉ። በ2024 የወጣው ይህ ሞዴል ትልቅ ባትሪና የተሻለ ቪዲዮ አለው፤ ሜካኒካል መዝጊያው (በአካል የሚከፈትና የሚዘጋው ክፍል) ግን ተነስቷል፤ ይህም የፍላሽን አጠቃቀም ይገድባል። ለቪዲዮ ሠሪ ምንም አይደለም። በፍላሽ ለሚኖር የሰርግ ፎቶ አንሺ ግን አይሆንም።

ከአሮጌው 600ዲ ስትሸጋገሪ የሚያስደነግጥሽ ሌላ ነገር ይኖራል። በመስታወት በሚሠራው ካሜራ የምታዪው እውነተኛውን ክፍል ነበር። በእነዚህ ግን የምታዪው ካሜራው «ፎቶው እንዲህ ይወጣል» ብሎ የሚያሳይሽን ነው። ማታ በማኑዋል (ቅንብሩን ሁሉ ራስሽ በምትመርጪበት ሁነታ) 1/160 ሰከንድ፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ላይ አድርገሽ በፍላሽ ልታነሺ ስትይ፣ ካሜራው ዮንግኑዎሽ መኖሩን ስለማያውቅ መመልከቻው ወይም ስክሪኑ ጭልም ይልብሻል። ካሜራው አልተበላሸም። በካነኑ የማሳያ ማስመሰያውን ዝጊው፤ በሶኒው ደግሞ ቅንብሩን በስክሪኑ ላይ የሚያንጸባርቀውን አማራጭ አጥፊው። ያኔ ክፍሉ እንደ ድሮው ብሩህ ሆኖ ይታይሻል። ቀን ስትመለሺ ግን መልሰሽ ክፈቺው፤ ያለ ፍላሽ ስትሠሪ ይህን የመሰለ ረዳት የለም።

በተለይ ለነጭ ልብስ። የአገራችን ሰርግና ንግሥ ለማንኛውም ካሜራ ከባድ ፈተና ነው፦ ጠይም ፊት፣ አጠገቡ ድምቅ ብሎ የሚያበራ ነጠላ። ካሜራው ፊቱን ሲያገኝ ፊቱን ለማፍካት ብርሃን ይጨምራል፤ ነጠላው ይቃጠላል፣ የጥለቱ መስመርና የጥልፉ ክር ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። ያ የጠፋ ነገር በኮምፒውተር አይመለስም። የጨለመ ፊት ግን በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል እንዳለ በሚያስቀምጠው) በቀላሉ ይነሳል። ስለዚህ ቀን ላይ መጋለጡን (የሚገባውን ብርሃን) በአንድ ሦስተኛ ወይም በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ፣ ማለትም የብርሃን ደረጃ፣ ቀንሺና በሮው አንሺ። ሶኒው በጣም የበራውን ቦታ በሰያፍ መስመር የሚያሳይ ዜብራ አለው፤ መስመሮቹ ነጠላው ላይ መሮጥ ሲጀምሩ ማቆም እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ካነኑ ለበራ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጥ ቅንብር አለው፤ ስክሪኑ ላይ ዲ+ ብሎ ይታያል፣ ዝቅተኛው አይኤስኦም ወደ 200 ከፍ ይላል። ለዚህ ሥራ የሶኒውን ዜብራ ይበልጥ እወደዋለሁ። ካነኑን ብመክርሽም ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ስለ ቪዲዮ ከሆነ ሶኒው በጥቂት ነገሮች ይበልጣል። ትልቁ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነው። ሁለቱም የውጭ ማይክሮፎን ይቀበላሉ፤ ድምፁ እንዴት እየገባ እንደሆነ እየቀረጽሽ መስማት የምትችይው ግን በሶኒው ብቻ ነው። የሽማግሌዎችን ምርቃት ቀርጸሽ ቤት ስትገቢ ከማይክሮፎኑ ገመድ የመጣ ጩኸት ብቻ ብታገኚ ደግመው እንዲመርቁ አትጠይቂያቸውም። ከሶኒው ጋር ደግሞ ለአብሮ ገጠሙ ማይክሮፎን የሚሆን ፀጉራማ የነፋስ መከላከያ ይመጣል፤ ጮቄ ተራራ ላይ ሙሽሮችን አቁመሽ ስትቀርጪ ዋጋውን ታውቂያለሽ።

ሶኒው በ4ኬ (በከፍተኛ ጥራት ቪዲዮ) ሲቀርጽ ምስሉን ይቆርጣል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን 1.23 ጊዜ ያህል ያጠብባል። በ25 ፍሬም ግን አይቆርጥም። እኛ ደግሞ መቅረጽ ያለብን በ25 ነው። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ፣ አምፖሎቹ በዓይን በማይታይ ፍጥነት ይርገበገባሉ። በ30 ፍሬምና በ1/60 ብትቀርጪ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት ታያለሽ። በ25 ፍሬምና በ1/50 ከቀረጽሽ ይጠፋል። ከአሜሪካ የሚመጣ ካሜራ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ተስተካክሎ ስለሚመጣ የትኛውንም ብትይዢ በ25 ፍሬም ወደሚቀርጸው ሥርዓት፣ ወደ ፓል፣ መቀየር አለብሽ። በሶኒው ስትቀይሪ ካርዱን እንድታጸጂው ሊጠይቅሽ ስለሚችል ባዶ ካርድ አስገብተሽ ቀይሪ። ካነኑ ሙሉውን ሴንሰር ከ6ኬ ጨምቆ 4ኬ ስለሚያወጣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ አይቆርጥምም። በአንድ ጊዜ የሚቀርጸው ግን ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ ቅዳሴን ሙሉ ለመቅረጽ ላሰበ አይመችም።

ሁለቱም ድምፅ አልባ መዝጊያ አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተመራጭ ነው፤ ካህናቱም ያመሰግኑሻል። እስክስታው ሲጀመር ግን አጥፊው። ሴንሰሮቹ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው ስለሚያነቡ ሲወዛወዝ የተነሳው ትከሻ ተጣሞ፣ የዳሱ ምሰሶም አዘንብሎ ይወጣል። በድምፅ አልባው ሁነታ ፍላሽም አይሠራም፤ «ፍላሹ እንደገና እምቢ አለኝ» ብለሽ ከመጨነቅሽ በፊት ይህን ተመልከቺ።

ሌንሱ ላይ ለአንቺ ሚዛኑን የሚደፋው ያለሽ 50 ሚሊሜትር ነው። ኢኤፍ-ኢኦኤስ አር የሚባለውን የካነን አዳፕተር ከገዛሽ ሌንሱ አር50 ላይ በራስ ሰር ትኩረቱ በትክክል ይሠራል። አዳፕተሩ በውስጡ መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ስለሆነ ከጥራቱ ምንም አይቀንስም። 600ዲና አር50 ምስሉን የሚያጠብቡት በእኩል 1.6 ጊዜ ስለሆነ የለመድሽው እይታም አይቀየርም፤ ፊት ለማንሳት የምትቆሚበት ርቀት ያው ነው። ሌላም አለ፤ ምናልባት ትልቁ ይህ ነው። ካነን እንደ አንቺው 50 ሚሊሜትር ያሉትን የኢኤፍ ሌንሶች መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ከምታውቂያቸው ፎቶ አንሺዎች ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የዚህ ቤተሰብ ሌንስ ነው። ትልቅ ሰርግ ሲመጣ ሩቁን የሚያቀርበውን 70-200 ሚሊሜትር ሌንስ ተውሰሽ ትሠሪያለሽ። በሶኒው ላይም የካነን ሌንስ የሚያስገቡ የሌሎች ኩባንያዎች አዳፕተሮች አሉ፤ የትኩረቱ ነገር ግን እንደየሌንሱ ይለያያል። ቀለበት ሲደረግ «ቆይ፣ አንዴ ድገሙት» ማለት ስለማይቻል በዚያ ላይ አልወራረድም።

የሌንስሽን ዓይነትም ተመልከቺ። ከ2015 ጀምሮ የተሠራው ኤስቲኤም የሚል ጽሑፍ አለው፤ የቀድሞው ሁለተኛ ሞዴል ደግሞ ትኩረት ሲፈልግ ይጮኻል። ለፎቶ ሁለቱም ይሆናሉ። የቀድሞው በቪዲዮ ድምፁን ያስገባል።

አብረው ስለሚመጡት ሌንሶች ብዙ አልልም። የካነኑ 18-45 ኤፍ 4.5-6.3፣ የሶኒው 16-50 ኤፍ 3.5-5.6 ነው። የሶኒው ይበልጥ ሰፊ ያያል፣ በጥቂቱም የበለጠ ብርሃን ያስገባል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ፎቶ ሲነሳ ይሰማሻል። የካነኑ 45 ሚሊሜትሩ ጫፍ ላይ ኤፍ 6.3 ስለሆነ ማታ በጣም ጨለማ ነው። ሁለቱም የቀን ሌንሶች ናቸው ብለሽ ያዣቸው። ወደፊት ገንዘብ ስታጠራቅሚ ሲግማ የሚሠራውን 18-50 ኤፍ 2.8 አስቢ። ለሶኒ ከ2021 ጀምሮ አለ፤ ለካነን አርኤፍ (ለአር50 የሌንስ መግጠሚያ) ደግሞ በ2024 መጣ። ካነን እስከዚያ ዓመት ድረስ ለሌሎች ኩባንያዎች በሩን ዘግቶ ስለነበር አሁንም በአዳዲስ ርካሽ ሌንሶች ብዛት ሶኒው ይበልጣል። ምንም ሌንስ የሌለው፣ ከባዶ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ይህ ምክንያት ምክሬን ሊያስቀይረኝ ይችል ነበር። አንቺ ግን ከባዶ አትጀምሪም።

የመብራት ነገር። ሁለቱም በትንሽ ባትሪ ነው የሚሠሩት፤ የካነኑ ኤልፒ-ኢ17፣ የሶኒው ኤንፒ-ኤፍደብሊው50። በአንድ ባትሪ ሰርግ አይወጣም፤ ቢያንስ ሦስት ይኑርሽ። ሁለቱም በዩኤስቢ-ሲ ይሞላሉ። ልዩነቱ ሶኒው ማንኛውንም ፓወር ባንክ ሲቀበል ካነኑ ፒዲ የሚባለውን ሥርዓት የሚደግፍ ብቻ መፈለጉ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ተራ ፓወር ባንክ ሰክተሽ ጠዋት ባዶ ባትሪ እንዳታገኚ። አጎትሽ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም።

አንዱም ውኃና አቧራ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ጢስ ዓባይ አጠገብ የፏፏቴው ርጭት ሲመጣ ሸፍኚው። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ወጥተሽ ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጪ አየሩን እስኪለምድ ጠብቂ፤ ቀዝቃዛ ሌንስ ሙቀት ሲያገኝ ላብ ያወጣል።

ገንዘቡ ካልበቃስ? ሲወጡ አካላቸው ብቻ ካነኑ 680፣ ሶኒው 700 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ከሌንስ ጋር ሁለቱም 800 አካባቢ። በዚህ ላይ አዳፕተሮቹ ሲጨመሩ አጎትሽን የሚከብደው ከሆነ ሦስተኛ አማራጭ አለ፦ በ2023 የወጣው ካነን አር100። ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፣ በንክኪም አይሠራም፤ 4ኬ ቪዲዮውም ምስሉን በጣም ይቆርጣል። መመልከቻ ግን አለው፣ የፍላሽ መሰኪያውም የድሮው ዓይነት ስለሆነ ዮንግኑዎሽ በቀጥታ ይበራል። ለፎቶ ብቻ ከሆነ የሚናቅ አይደለም። ግን ቪዲዮ የሚጠይቁሽ ደንበኞች እየበዙ ነው ብለሻል፤ ስለዚህ አቅም ካለ አር50። የቀድሞውን ካነን ኤም50 «ያው ነው፣ ርካሽ ነው» ብሎ የሚያቀርብልሽ ሰው ቢመጣ ግን እንቢ በይ። የዚያ ካሜራ የሌንስ መግጠሚያ ቀርቷል፤ ሌንሶቹም አር50 ላይ በምንም አዳፕተር አይገቡም።

ለአጎትሽ የምትልኪለት መልእክት እንዲህ ይሁን፦ ካነን ኢኦኤስ አር50 ከ18-45 ሌንሱ ጋር፣ ኢኤፍ-ኢኦኤስ አር አዳፕተር አንድ፣ ኤዲ-ኢ1 አዳፕተር አንድ፣ ኤልፒ-ኢ17 ባትሪ ሁለት ተጨማሪ፣ 64 ጊጋባይት ቪ30 ካርድ ሁለት። ከዚያ በላይ ፈጣንና ውድ ካርድ አያስፈልግም፤ ካሜራው ፍጥነቱን አይጠቀምበትም። ከካሜራ ጋር ቦርሳ፣ ሦስት እግር፣ ማጣሪያና ማጽጃ ተጠቅልሎ የሚሸጥ «ሙሉ ጥቅል» ከተባለ ይተወው፤ በእነዚያ ውስጥ የሚገኘው ባትሪና ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ተራ ነው። ሐሳብሽን ቀይረሽ ሶኒውን ከመረጥሽ ደግሞ ለጃፓን ገበያ የተሠራ እንዳይሆን ይጠይቅ፤ የእሱ ምናሌ በጃፓንኛ ብቻ ነው፣ መቀየርም አይቻልም።

ሲደርስሽ በዚያው ቀን ፈትሺው። ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንስተሽ ፎቶውን አሳድገሽ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳለበት እዪ። 50 ሚሊሜትሩን በአዳፕተሩ ሰክተሽ ትኩረቱ ፊት ላይ መያዙን፣ ፍላሹን በኤዲ-ኢ1 ሰክተሽ በተከታታይ ስትተኩሺ ሁሉም መብራቱን፣ ካርዱንም እስኪሞላ በ4ኬ ቀርጸሽ ያለ እንከን መከፈቱን አረጋግጪ። ደረሰኙ በአጎትሽ እጅ ይቆይ፤ አንዱ ነገር እምቢ ካለ ይዞት ተመልሶ በገዛበት ሱቅ ይቀይረዋል።